እስከ ጠመኔው ገደል

አውቶቡሱ ሁለቱን ሴቶች ከመንደሩ ጫፍ አውርዷቸው ሄደ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። አስናቁ የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና አጥብቃ አሰረች፤ ውሃውና ዳቦው በጀርባ ቦርሳዋ ውስጥ መኖራቸውን በእጇ ዳበሰች፤ የዝናብ ጃኬቷን አጥፋ ከቦርሳው ላይ አሰረችው። በሥራ ቦታዋ ለአረጋውያኑ መድኃኒት በየተራ እንደምታድል ሁሉ እያንዳንዱን ነገር በቅደም ተከተል፣ ሳትቸኩል አደረገች። እጇ ሥራ ላይ ሲሆን ፊቷን መቆጣጠር ይቀላት ነበር።

"እትዬ እሌኒ፣ ሲደክምዎት ይንገሩኝ። በየመሃሉ እናርፋለን" አለች።

"አንቺ በይኝ አላልኩሽም?" እሌኒ ጥቁር ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። "አባዬን ዓመት ከመንፈቅ አጥበሽ፣ አልብሰሽ፣ አጉርሰሽ፣ እኔ ልጁ ያላደረግሁትን ሁሉ አድርገሽለት ስታበቂ አንቱ ስትይኝ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።"

አስናቁ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ሴትዮዋ ከአዲስ አበባ ከመጣች አራት ቀኗ ነው፤ በአራቱም ቀን ስታመሰግናት ነው የዋለችው። ቄራ አካባቢ ልብስ ትሰፋለች፤ ወደ ሃምሳ ዓመት ይጠጋታል፤ ሰውን ስታይ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት በዓይኗ የምትለካ ይመስላል። ሁለት ኪሎ በርበሬና አንድ ኪሎ ሽሮ ይዛላት መጥታ ነበር። "ለአባቴ እጅና እግር ለሆነች ልጅ" ብላ በሁለት እጇ ስትሰጣት፣ አስናቁ መቀበሉም አለመቀበሉም እኩል አቃጥሏት ተቀብላ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብሶቿ ሥር ደብቃው ነበር፤ ሽታው ግን ሌሊቱን ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም።

መንገዱ የእግር መንገድ ነው። በእንግሊዝ ደቡብ ሣር የለበሱትን ኮረብታዎች ጀርባ ጀርባ ይዞ ለቀናት ይሄድና መጨረሻው ባህር ላይ፣ ገደል አፋፍ ላይ ይሆናል። እነሱ የሚሄዱት የመጨረሻውን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የእሌኒ አባት፣ አቶ ዘርጋው፣ የዛሬ ዓመት በቤት ጫማቸው የሄዱትን። አቶ ዘርጋው በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባህር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ በመርከብ ወጥተው እዚህ ቀሩ፤ ሚስታቸውና ልጃቸው ሳያገኟቸው ዘመን አለፈ። በመጨረሻ የማስታወስ ችሎታቸው ከድቷቸው አስናቁ የምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ሲገቡ እንግሊዝኛው ከአእምሯቸው ተጠርጎ ወጥቶ የቀራቸው አማርኛ ብቻ ነበር። ያን የምትሰማ ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች።

"አስከሬን የሌለው ለቅሶ ለቅሶ አይደለም" ብላት ነበር እሌኒ በስልክ። "የሄደበትን በእግሬ ልሂድና መጨረሻው ላይ ቆሜ አልቅሼ ልመለስ። አንቺ ብቻ መንገዱን አሳዪኝ።" አስናቁ እምቢ የምትልበት ምክንያት ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ በአፍ የሚነገር አልነበረም።

የመጀመሪያውን የእንጨት በር አለፉ። ከብቶች እንዳይወጡ "እባክዎ ይዝጉ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። አስናቁ ገፍታ መቀርቀሪያውን ጣለችው፤ ብረቱ ብረት ላይ ሲያርፍ ደረቅ ድምፅ አሰማ። ዳገቱን ተያያዙት። ሣሩ የተላጨ ያህል አጭር ነው፤ መንገዱ ሣሩን ገልጦ የወጣ ነጭ ጠመኔ ነው፤ በየመካከሉ ጥቁር ባልጩት እንደ ተሰበረ ጥርስ ብቅ ብቅ ብሏል። ከላይ አንዲት ወፍ ሳትታይ ትዘምራለች፤ ከሩቅ በጎች ይሰማሉ። መቶ እርምጃ ያህል እንደወጡ ከኋላቸው በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። ከዚያ ዝም አለ፤ አንድ ጉልበቱን የሚያመው ሰው እግሩን አንስቶ አሻግሮ፣ ሌላውን እስኪያመጣ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ መቀርቀሪያው ወደቀ።

አስናቁ ዞረች። በሩ ዝግ ነው። ማንም የለም።

"ነፋስ ነው" አለች።

እሌኒ ምን እንደሆነ አልጠየቀቻትም ነበር። ሣሩም አልተነቃነቀም።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ እሌኒ ትንፋሿን እየሰበሰበች "ያን ቀን ምን በልቶ ነበር?" ስትል ጠየቀች።

"ሾርባ። ጥሩ አድርገው በልተው ነበር። ደስ ብሏቸው ነው የዋሉት፤ ስለ እርስዎ... ስለ አንቺ ሲያወሩኝ ነበር።"

"ተመስገን" አለች እሌኒ፣ ደረቷን በመዳፏ ይዛ። "ተመስገን። ይቺን ነበር መስማት የፈለግሁት።"

አስናቁ ፊቷን ወደ በጎቹ አዞረች። ጆሮዎቿ ሲግሉ ይሰማታል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ መሬቱ ግን ጠንካራ፣ ነጭና ግልጽ ነበር።

እውነቱ እንዲህ ነው። አቶ ዘርጋው በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ካፖርታቸውን ደርበው ከመውጫው በር ፊት ይቆሙ ነበር። "መርከቧ ልትነሳ ነው፤ ክፈችልኝ፣ አንቺ ልጅ" ይላሉ። በሩ በቁጥር የሚከፈት ነው፤ ከውስጥም ከውጭም ቁጥሩን የማያውቅ አይከፍተውም። አስናቁ ያን ቀን ሁለት ሠራተኞች ቀርተውባት ከንጋት ጀምሮ ብቻዋን አርባ ጊዜ ደረጃ ወጥታ ወርዳ ነበር። ሽማግሌው ምሳቸውን አልቀመሱም። በሩን በመዳፋቸው መምታት ጀመሩ፤ በኃይል አይደለም፤ ቀስ ብለው፣ ሳያቋርጡ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል። በመጨረሻ እሷ ሄዳ ቁጥሩን ነካክታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። "ይኸው! ባህሩ በዚያ ነው፤ ይሂዱልኝ!" አለቻቸው፤ ጣቷን ወደ ኮረብታው ዘርግታ። ብርዱ ሲነካቸው ይመለሳሉ ብላ ነበር። እሳቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመስግነዋት ወጡ። በዚያው ቅጽበት ፎቅ ላይ የአንዲት ሴትዮ ደወል ጮኸ፤ አስናቁ ሮጠች። ደረጃው ላይ ሳለች በሩ እንደገና ሲመታ ሰማች፤ ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ። "እሰይ፣ ገብተዋል" ብላ ተገላገለች። በሩ ከኋላቸው በራሱ ተዘግቶ የሚመታው ከውጭ በኩል እንደነበር የገባት ከሃያ ደቂቃ በኋላ፣ ድምፁ ካቆመ ቆይቶ ነው።

ለመርማሪዎቹ "ዕቃ ያመጣው ሰው በሩን ሳይገጥመው የሄደ መሰለኝ" አለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ሰውየው ከሥራው ተባረረ። የአቶ ዘርጋው አንዱ የቤት ጫማ መንገዱ አጋማሽ ላይ ተገኘ፤ ካፖርታቸው ገደሉ አፋፍ ላይ፣ በወታደር ሥርዓት ታጥፎ። ሌላ ነገር አልተገኘም።

አናት ላይ ሲደርሱ ከወዲያ በኩል አንዲት አሮጊት ውሻዋን እየመራች መጣች። ቡናማው ውሻ ሁለቱን ሴቶች አልፎ፣ ከእሌኒ ግራ ጎን ካለው ባዶ ሣር ፊት ቆመና ጅራቱን እየቆላ አንገቱን ለመታሸት አቀና። እጅ እንዳረፈበት ሁሉ ዓይኖቹን ጨፈነ።

"የእናንተ ናቸው ቅድም ያለፉት ሽማግሌ?" አለች አሮጊቷ በእንግሊዝኛ። "ለዚህ አየር የሚሆን ልብስ አልለበሱም። በማላውቀው ቋንቋ አናገሩኝ። ባህሩን የሚጠይቁ መስሎኝ በጣቴ አመለከትኳቸው። ጥፋት ሠራሁ እንዴ?"

"አይደለም፤ ደህና ናቸው" አለች አስናቁ።

"ምን አለች?" አለች እሌኒ። "የፈረንጆቹ አነጋገር ይፈጥንብኛል።"

"ዝናብ ሳይመጣ ፍጠኑ ነው የምትለው።"

እሌኒ አሮጊቷን፣ ከዚያ ውሻውን፣ ከዚያ አስናቁን በዚያ በሚለካ ዓይኗ አየቻት። "ደግ ሴት ናት" አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ነው ሽታው የመጣው። መጀመሪያ ከራሷ እጅ የሚወጣ መስሏት አሸተተች። የጉልበት ቅባት ሽታ ነው፤ ማታ ማታ ከመተኛታቸው በፊት የአቶ ዘርጋውን ጉልበት የምታሽበት፣ አፍንጫን የሚያቀዘቅዝ፣ ዓይንን የሚያስነባ። በዚያ ሰፊ ሜዳ፣ ሣርና በግ ብቻ በሚሸትበት ከፍታ ላይ፣ ያ ሽታ እንደ ጠባብ ክፍል ዙሪያዋን አጠረባት። ስትቆም ይቆማል፤ ስትሄድ ግማሽ እርምጃ ቀድሟት ይሄዳል። እሌኒም ፊት ፊት እየሄደች በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ ስትስብ አየቻት።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ጉሙ ከባህሩ ተነሣ። በሸለቆው ውስጥ ገብቶ፣ ዳገቱን እየላሰ መጥቶ አጥሩን ዋጠ፣ በጎቹን ዋጠ፣ ነፋስ ወደ አንድ ጎን ያጎበጣቸውን እሾሃማ ዛፎች አንድ በአንድ ዋጠ፤ ወፏም ዝም አለች። የቀረው ከእግራቸው ሥር ያለው አሥር እርምጃ ነጭ መንገድ ብቻ ነበር። ያም መንገድ በትናንቱ ዝናብ ረጥቦ እንደ ሊጥ ለስልሷል፤ ሊጡ ላይ ዱካ አለ። የቀኙ ጫማ ያደረገ እግር ነው፤ ሶሉ ለስላሳ፣ የቤት ጫማ። የግራው ባዶ ነው። አምስቱም ጣቶች ታትመዋል፤ በየጣቱ ጉድጓድ ውስጥ ወተት የመሰለ ውሃ ገና እየሞላ ነው።

አስናቁ እሌኒን ቀድማ፣ እንዳታይ ቸኩላ ረገጠችው። ቀጥሎ ያለውንም ረገጠች። እንደዚህ እያደረገች፣ የሽማግሌ እርምጃ እየተራመደች ሃምሳ ያህል ዱካ አጠፋች፤ ቀና ስትል ዱካውን የምትደብቃት ሴት ከኋላዋ አልነበረችም።

"እትዬ እሌኒ!"

"አለሁ!" ድምፁ ከፊት ነው የመጣው። መቼ እንዳለፈቻት አላወቀችም። እግሯን አፈጠነች። በጉሙ ውስጥ የእሌኒ ጥቁር ልብስ ብዥ ብሎ ታያት፤ እያወራች ነው። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ አልፎ አልፎ እያቋረጠች፣ መልስ የሚሰማ ሰው በሚያቋርጠው ዓይነት። አንዴ ደግሞ ሳቀች፤ አጭር፣ ያፈረች ልጅ የምትስቀውን ሳቅ።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለች አስናቁ ስትደርስባት። ስልክ በእጇ አልነበረም።

"ከአባዬ ጋር ነዋ" አለች እሌኒ እየሄደች። "ለለቅሶ ስትሄጂ ከሟቹ ጋር ሳታወሪ ትሄጃለሽ እንዴ? ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት አለ።"

ነገሩ ልክ ነበር። ማንም ልጅ ያደርገዋል። አስናቁ "እውነትሽን ነው" አለች። ያኔ ልትነግራት አፏን ከፈተች። "እንመለስ፤ ጉሙ ወፍሯል" የሚል ነው የወጣው።

"አሁንማ ደረስን" አለች እሌኒ።

መንገዱ ቁልቁል ሆነ። አንድ ረጅም ሰውዬ የአጥር ሽቦ ሲጠግን ከጉሙ ውስጥ ድንገት ወጣባቸው። መዶሻውን አስቀምጦ ሰላም አላቸው። "ዛሬ አፋፉን አትጠጉ" አለ። "ጠመኔው ከሥር ተቦርቡሯል፤ ሙሉ የሚመስለው ጫፍ ከሥሩ ባዶ ነው። ሦስታችሁም ከአጥሩ ወዲህ ሁኑ። በተለይ ሽማግሌውን እጃቸውን ያዙልኝ፤ አንድ እግራቸው ባዶ ነው።"

አስናቁ ወደ ግራ ማየት ፈለገች፤ አንገቷ እሺ አላላትም። ሽታው ከትከሻዋ ላይ ነበር።

"ምን አለ?" አለች እሌኒ።

ይህ ዕድል እንደማይደገም አስናቁ አውቃለች። የተናገረው ቃል በሙሉ በአፏ ውስጥ ነበር፤ ማውጣት ብቻ ነው የቀረው። "ሁለታችሁም ተጠንቀቁ ነው ያለው" አለች። የገዛ ድምፅዋን ስትሰማው ያ የበሩ ቀን ድምፅዋ መሰላት፣ ለመርማሪዎቹ የተናገረችበት፣ ለስላሳና ታማኝ።

እሌኒ ራሷን ነቀነቀች። "ሁለታችሁም" ብላ ቃሉን ለራሷ ደገመችው፤ ከዚያ ሰውየውን በአማርኛ "እግዜር ይስጥልን" ብላው አለፈች።

ባህሩን ከማየታቸው በፊት ሰሙት። ከታች፣ እጅግ ከታች፣ አንድ ትልቅ ነገር በመዳፉ ነጭ ግድግዳ የሚመታ ይመስል ነበር፤ በኃይል ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ። የሣሩ መጨረሻ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ጉም ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ሽቦው አጥር እዚህ ጋ ወድቋል። እሌኒ እዚያው ቆመች። አስናቁ የለቅሶ ድምፅ ጠበቀች፤ ደረት የሚደቃ፣ ስም የሚጠራ። እሌኒ ግን አላለቀሰችም። ሰው ሲናገር እንደሚያዳምጥ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ሰላም አስናቁን ከሁሉ በላይ አስፈራት።

ያን ጊዜ ፈነዳባት። እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከች።

"እትዬ እሌኒ፣ ዋሽቼሻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ዋሽቼሻለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ዋሽቼሻለሁ። ሾርባ አልበሉም። ደስም አላላቸውም። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይሂዱልኝ ብዬ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ሲያንኳኩ ሰምቼአለሁ፤ ሰምቼ ደረጃዬን ወጣሁ። በሰው አሳበብኩ፤ ያ ምስኪን ሰውዬ እንጀራውን አጣ። የአንቺን በርበሬ ተቀበልኩ። ምስጋናሽን ተቀበልኩ። ዛሬ ሁለት ሰዎች ነገሩኝ፤ ሽማግሌው ከእናንተ ጋር ናቸው ብለው ነገሩኝ፤ እሱንም ደበቅሁሽ። ርገሚኝ። ፊቴን ምቺኝ። ብቻ ዝም አትበይኝ።"

እሌኒ ጎንበስ ብላ ክንዷን ይዛ አነሣቻት። እጆቿ ሙቅ ነበሩ። ጭቃውን ከአስናቁ ጉልበት ላይ በመዳፏ ጠረገችላት፤ በልብስ ሰፊ ጣቶቿ የሹራቧን አንገት አስተካከለችላት፣ የተከፈተውን ቁልፍ ቆለፈችላት።

"አውቃለሁ እኮ" አለች በለሆሳስ። "ከመጀመሪያው በር ጀምሮ ሲነግረኝ ነው የመጣው። መቼ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው የጠበቅሁሽ።"

ሽታው የለም። አስናቁ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው፤ መቼ እንደተለያት አላወቀችም። በዙሪያዋ ጨውና እርጥብ ጠመኔ ብቻ ይሸታል።

"ተቆጥተዋል?" አለች፤ የልጅ ድምፅ ነው የወጣት።

"አባዬ? አባዬ ቂም አያውቅም።" እሌኒ የጀርባ ቦርሳውን ማንገቻ ከትከሻዋ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችላት፤ አንዱን ክንድ፣ ከዚያ ሌላውን። ቦርሳውን በራሷ ትከሻ ላይ አንጠለጠለችው። "ይሄ ይከብድሻል፤ እኔ ልያዝልሽ።"

"የት ናቸው? አሁን የት ናቸው?"

"ቅድም ስትንበረከኪ ቀድሞን ወርዷል፤ 'እኔ ተመልሼ መውጣት አልችልም፣ እሷ ትውረድልኝ' ብሎሻል" አለችና እሌኒ ወደ አፋፉ ለአንድ ሰው የሚበቃ መንገድ ትታላት ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።